ወታደሩ የት ነበር የሚያድረው?

ፋሲል ግቢ ገብታችሁ አስጎብኚ ከተከተላችሁ የምትሰሙት ሁሉ ስለ ንጉሥ ነው። ንጉሡ እዚህ ተኛ፣ እዚህ ጸለየ፣ እዚህ ግብር አበላ፣ እዚህ ፈረደ። እውነት ነው፣ ሲሰሙትም ደስ ይላል። እኔ ጎንደር ተወልጄ ስላደግኩ ይህን ታሪክ ፊደል ሳልቆጥር ነው የሰማሁት። ግን ብዙ ሰው የማይጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። ያን ሁሉ በር ሲጠብቅ የኖረው፣ በየዓመቱ የዘመተው፣ ንጉሡ ሲወጣ ከፊትም ከኋላም የሚሰለፈው ወታደር ማታ ማታ ጎኑን የሚያሳርፈው የት ነበር?

ጓደኞቼን ስጠይቅ "ካምፕ ይኖራቸዋላ!" ይሉኛል። አሁን አዘዞ ላይ የምናውቀውን ዓይነት ካምፕ እያሰቡ ነው። በፋሲል ግቢ ግን ከፋሲል ግንብ ተነስታችሁ በዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ በኢያሱ፣ በዳዊት፣ በበካፋ አልፋችሁ ምንትዋብ ግንብ እስክትደርሱ ብትዞሩ፣ ብዙ ሺህ ሰው የሚያሳድር የወታደር ቤት አታገኙም። የዘበኛ ቦታ አለ። የፈረስ ጋጣ አለ። የሺዎች ማደሪያ ግን የለም። ግቢው በሙሉ ሰባት ሄክታር ያህል ነው፣ ቅጥሩ ዙሪያውን 900 ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚያ ውስጥ ቤተ መንግሥቱ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ አዳራሹ፣ ጋጣው፣ የአንበሳው ቤት ሁሉ አለ። ሠራዊት የት ይግባ?

እኔ እንደገባኝ መልሱ ሦስት ቦታ ነው ያለው። ጥቂቱ ቅጥሩ ላይ። ሌላው ከቅጥሩ ውጭ በሣር ጎጆ። የቀረው፣ እጅግ የሚበዛው፣ በገበሬው ቤት። ስለ መጀመሪያው ትንሽ ይነገራል። ስለ ሁለተኛው ማንም አያነሳም። ሦስተኛውን ብናወራው ደግሞ ብዙ ነገር ይገለጥልናል።

ከቅጥሩ ልጀምር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ ቅጥሩን አይቶ ጽፎታል። ቁመቱ 30 ጫማ፣ ማለትም 9 ሜትር ያህል እንደሆነ፣ በውጩና በውስጡ ግድግዳ መካከልም ከላይ መሄጃ እንዳለው፣ በእሱ ላይ እየተራመዱ ግቢውን መዞርና መንገዱን ቁልቁል ማየት እንደሚቻል ይናገራል። ለመድፍ የተተወ ቀዳዳ ግን አላየም። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ግቢው መድፍ ተጠምዶበት የሚዋጋ ምሽግ አልነበረም ማለት ነው። የሚጠብቀው ሰው ነው። ጦርና ጋሻ የያዘ፣ ኋላ ኋላም ነፍጥ የያዘ ሰው፣ ቀንና ሌሊት ከላይ ይመላለሳል።

ያ ሰው እንዴት እንደሚያድር ማሰብ ለጎንደር ልጅ አይከብድም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ትበልጣለች። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሌሊቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ሐምሌ ላይ ደግሞ ጉሙ ወርዶ ግቢው ውስጥ ይተኛል፣ አሥር እርምጃ ፊታችሁ ያለውን አታዩም። የፋሲል ግንብ አራት ማዕዘኖች ላይ አናታቸው እንደ እንቁላል የሞለለ ክብ ማማዎች አሉ፣ ሁላችንም ፎቶ የምንነሳባቸው። ግንቡ 32 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፣ ሰማይ ሲጠራ ከአናቱ ጣና ይታያል። እነዚህን ማማዎች ለማማር ብቻ የተሠሩ አድርገን ነው የምናያቸው። ዙሪያውን አሻግሮ ለሚያይ ዘብ ግን ከዚህ የሚሻል ቦታ የለም።

ግቢ ስትገቡ አንድ ነገር አድርጉ። ትልልቁን አዳራሽ ትታችሁ ከጠባቦቹ የማማ ክፍሎች ወደ አንዱ ግቡ። ወለሉ ድንጋይ ነው። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ከውጭ ያለው ድምፅ ወዲያው ይጠፋል። መስኮቷ ትንሽ ናት፣ ፊታችሁን ካላስጠጋችሁ በቀር ሰማይ እንጂ መሬት አታዩም። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢተኛ እግር መዘርጊያ አይኖርም። እጃችሁን ግድግዳው ላይ አድርጉት፣ በጸሐይ ሰዓት እንኳ ይበርዳል። አሁን ቁርበት ወይም ደበሎ ብቻ ይዞ፣ ጦሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተራው እስኪደርስ የሚያሸልብ ሰው አስቡ። እኔ የጎንደርን ዘብ የማስበው እንዲህ ነው።

እንዲህ ያለ ቦታ ስንት ሰው ይይዛል? በጣም ጥቂት። ሌሎቹ ከቅጥሩ ውጭ ናቸው።

እዚህ ላይ ጎንደርን ስናስብ የምንረሳው ነገር አለ። ስለ ድንጋዩ ግንብ ስለምናወራ ከተማዋ ሁሉ ድንጋይ የነበረች ይመስለናል። ያው ብሩስ ግን በሰላም ጊዜ በከተማዋ 10,000 ያህል ቤተሰብ እንደሚኖር ይጽፍና፣ ቤቶቹ አብዛኞቹ የጭቃ እንደሆኑ፣ ጣሪያቸውም ክብ የሣር ክዳን እንደሆነ ይነግረናል። ጎንደር የሣር ቤት ከተማ ነበረች። ከመሃሏ የድንጋይ ግንብ ብቅ ያለባት የሣር ቤት ከተማ። ወታደሩም ከዚያ ሣር ሥር ነው የኖረው።

የሰፈሩ አቀማመጥም ከጦር ሰፈር የመጣ ነው። ነገሥታቱ ጎንደር ከመቀመጣቸው በፊት ለብዙ ዘመን በድንኳን ነበር የሚዞሩት። ድንኳን ሲተከል ደግሞ ሥርዓት አለው። የንጉሡ ድንኳን መሃል፣ ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኛዝማቹ በቀኝ፣ ግራዝማቹ በግራ፣ የየራሳቸውን ጭፍራ ይዘው ይሰፍራሉ። ማንም ጨለማ ውስጥ ቢመጣ የጌታውን ድንኳን የት እንደሚያገኝ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1636 አካባቢ አፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ሲያደርጓት ያ ልማድ አልጠፋም። ትልቅ ሰው ሲሰፍር አሽከሮቹና ወታደሮቹ በዙሪያው ይሰፍራሉ። ወታደሩ የመንግሥት ቤት አይሰጠውም። የጌታው ሰው ነው፣ ከጌታው አጥር ጥግ ጎጆ ይቀልሳል።

ጎጆው ምን ይመስላል? አያቶቻችን ቤት ያያችሁ ታውቁታላችሁ። መሃል ላይ ምሰሶ፣ ግድግዳው በጭቃ የተመረገ እንጨት፣ ዙሪያውን የጭቃ መደብ፣ መሃል ምድጃ። መደቡ ላይ ቁርበት ይነጠፋል። ጋሻው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ጦሩ በር አጠገብ ይቆማል። በቅሎ ያለው ሰው በቅሎውንም ማታ ያስገባል፣ ጅብ ስላለ። ቤቱ በጭስ የተሞላ ነው፣ ጭሱ ደግሞ ክዳኑን ከነቀዝ ይጠብቃል። የወታደር ቤት ከሌላው የሚለየው በግንባታው አይደለም። ባለቤቱ በጋ ላይ ስለማይኖር ነው። ክረምት ከተማ፣ በጋ ዘመቻ። ነገሥታቱ ክረምቱን ጎንደር ከርመው መንገድ ሲደርቅ ይወጡ ነበር።

ዘመቻም ሲወጣ ቤቱ ሁሉ ነው አብሮ የሚወጣው። ሚስቱ፣ ልጁ፣ አሽከሩ። ያን ጊዜ ለሠራዊት ምግብ የሚያቀርብ የመንግሥት ክፍል የለም። በሶውን የምትበጠብጥ፣ ዱቄቱን የምትፈጭ፣ እንጨት የምትለቅም፣ ውሃ የምትቀዳ ሴት ናት። ወፍጮ ድንጋይ፣ ምጣድ፣ እንስራ ተሸክማ ከሠራዊቱ ጋር ተራራ ትወጣለች። ማታ ሰፈሩ ሲደርስ ወንዱ ያርፋል፣ እሷ ሥራ ትጀምራለች። ስለ ወታደር ማደሪያ የሚጻፍ ነገር እሷን ከዘለለ ግማሹን ነው የተወው። የወታደሩ ቤት እሷ ናት ብል አላጋነንኩም።

አሁን ወደ በሮቹ እንምጣ። ግቢው አሥራ ሁለት በር እንዳለው ይነገራል። ፊት በር፣ ወምበር በር፣ ተዝካሮ በር፣ እልፍኝ በር፣ እምቢልታ በር እያለ ይሄዳል። ከነዚህ ውስጥ ሁለቱ ስለ ወታደሩ ይነግሩናል። አንዱ ባልደራስ በር ነው፣ የፈረሰኛው አዛዥ በር። በካፋ ግንብ አጠገብ ያለውን ጋጣ ያየ ሰው ፈረሱ ከግቢው ውስጥ ድንጋይ ቤት እንደነበረው ያያል። ፈረስ የድንጋይ ቤት ሲኖረው ፈረሰኛው ጎጆ ውስጥ ነው። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይከነክነኛል።

ሌላው ራስ በር ነው፣ ቋረኞች በርም ይባላል። ቋረኞች እነማን ናቸው? የእቴጌ ምንትዋብ የአገር ሰዎች። እቴጌይቱ ከቋራ ናቸው። ባላቸው አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ሕፃን ስለነበር ሥልጣኑን እሳቸው ያዙ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1732፣ ዓመፅ ተነሣና ግቢው ተከበበ። ሌላ ንጉሥ ተሰየመ። እናትና ልጅ ቅጥሩ ውስጥ ተዘግተው፣ ውጭ ያለው ከተማ በዓመፀኞች እጅ ሆኖ፣ ከጎጃም የመጣ ጦር እስኪያስጥላቸው ድረስ የተዋጋላቸው ያ ቅጥር ላይ የነበረው ሰው ነው። ከዚያ በኋላ እቴጌይቱ ዘመዶቻቸውን ቢያምኑ ምን ይገርማል? ወንድማቸው ወልደ ልዑል ራስ ሆኑ፣ ቋረኛም በግቢው ዙሪያ በዛ።

ቀጥሎ የልጅ ልጃቸው አፄ ኢዮአስ ነገሡ። እናታቸው ከወሎ ኦሮሞ ናቸው፣ ኢዮአስም የእናታቸውን ወገን ሰዎች ወታደር አድርገው ጎንደር አስገቡ። በግቢው ኦሮምኛ ይነገር ነበር ተብሎ ተጽፏል። እንግዲህ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ቅጥር ዙሪያ፣ ሁለት የተለያየ ወገን ጭፍራ በጎጆ በጎጆ ተጠጋግቶ ሰፍሯል። አንዱ የአያትን፣ አንዱ የልጅ ልጅን ያገለግላል። ወንዝ አንድ፣ ገበያ አንድ። ጠብ መች ይጠፋል! ያ ጠብ ነው ራስ ሚካኤል ስሑልን ከትግራይ ነፍጠኛ ጦራቸው ጋር ወደ ጎንደር ያመጣው። እ.ኤ.አ. በ1769 ኢዮአስ ተገደሉ፣ ዘመነ መሳፍንትም ያኔ ጀመረ እንላለን። በትምህርት ቤት ይህን የመሳፍንት ሥልጣን ሽኩቻ አድርገን ነው የተማርነው። ትክክል ነው። ግን የሠፈር ጉዳይም ነበር። ማን የት ይስፈር፣ ማን የትኛውን በር ይያዝ።

ስለ መብሉም ትንሽ ልበል። ወታደር የሚውለው ግብር ላይ ነው። ንጉሥ ወይም መስፍን ግብር ሲያበላ መጀመሪያ መኳንንቱ፣ ከዚያ እየተነሣ እየተተካ ወታደሩ ይገባል። ሥጋው፣ ጠጁ፣ ጠላው፣ እንጀራው። ግብር የማያበላ ጌታ ወታደር አይበረክትለትም። ስለዚህ ትልልቆቹን አዳራሾች "የንጉሡ ግብዣ ቤት" ብለን ስናልፍ የወታደሩም የምሳ ቤት መሆናቸውን እናስታውስ። ግቢው ውስጥ ወታደሩ የራሱ የሚለው ቦታ ካለ እሱ ነው፣ ለዚያውም ተራው ሲደርስ።

አሁን ከበድ ወዳለው ልምጣ።

የንጉሡ ጭፍሮች በየአገሩ መሬት ተሰጥቷቸው የሰፈሩ አሉ። ያ ያልደረሰው፣ ወይም በመንገድ ላይ ያለ ጦር፣ የሚያድረው በባላገር ቤት ነበር። ይታዘዛል፣ ቤት ይመራል፣ ወታደር ይገባል። ገበሬው አልጋውን ይለቃል። ራት ያቀርባል። ለበቅሎው ገብስና ሣር፣ ለምድጃው እንጨት። ወታደሩ ብቻውን አይመጣም፣ ቤተሰቡና አሽከሩ አለ። አንድ ሌሊት ሊሆን ይችላል፣ አንድ ክረምት ሊሆን ይችላል። እምቢ ማለት የለም። ለማን ይጮኻል? ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ።

አያቴ ደንቢያ ነው ተወልዳ ያደገችው። ደንቢያ ማለት ከጎንደር እስከ ጣና የተዘረጋው ለጥ ያለ አገር፣ ከተማውን ሲቀልብ የኖረ። ከእናቷ እናት የሰማችውን ትነግረን ነበር። የወታደር ወሬ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚሠራው ጉድጓድ ነው። ጤፉን፣ ሽምብራውን ለሁለት ይከፍሉታል። ጥቂቱ ጎተራ ውስጥ ይቀራል፣ እንዲገኝ። የቀረው ሌሊት መሬት ውስጥ ይገባል፣ አፉ በጭድና በጭቃ ይደፈናል፣ ከላዩ እበት ይለቀለቅና ከብት ይታሰርበታል። "ልጄ፣ ጎተራው ባዶ ከሆነ ይጠረጥራሉ፣ ከሞላ ይወስዱታል" ትለኝ ነበር። "ትንሽ መተው ነው ብልሃቱ።" ሴት ልጅ ያለው ደግሞ ልጁን ወደ ዘመድ ይልካል። ይህን ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር።

እኔ ወታደሩን ለመክሰስ አይደለም ይህን የምጽፈው። እሱም የገበሬ ልጅ ነው። ደመወዝ የለውም፣ ቀለብ የለውም፣ ቤት የለውም፣ ካልተሰጠው ወይ ይለምናል ወይ ይቀማል። ጥፋቱ ከአሠራሩ ነው። ይህን ቀድመው ካዩት ነገሥታት አንዱ ያው የቋራው ሰው አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ወታደራቸው ባላገሩን እንዳይዘርፍ ደመወዝ ሊከፍሉት ሞክረዋል። አልዘለቀላቸውም። ገቢው ሲጠፋ ጦሩ ወደ ድሮው ተመለሰ፣ እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1866 ጎንደርን ራሷን ዘረፉ፣ አቃጠሉ። በኋላ አፄ ምኒልክ፣ ከክፉ ቀን ረኀብ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1892 ገበሬው አሥራት እየከፈለ ወታደር ከማሳደር እንዲያርፍ አዋጅ አወጡ። ልማዱ በአንድ ቀን አልቆመም፣ ግን ነገሩ በአዋጅ እስኪነሣ ድረስ ከጎንደር ምሥረታ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት አልፎ ነበር።

የጎጆዎቹ ነገር ያለቀው በእሳት ነው። ቴዎድሮስ አንዴ፣ እ.ኤ.አ. በ1888 ደግሞ ከሱዳን የመጣው ደርቡሽ። ሣርና እንጨት አመድ ሆነ። ግንቡ ጠቆረ እንጂ ቆመ። ስለዚህ ዛሬ ጎብኚው የሚያየው የተረፈውን ብቻ ነው፣ የተረፈው ደግሞ የንጉሥ ቤት ነው።

ከጣሊያን ጋር ነው በረድፍ የተሠራ የወታደር ቤትና የመኪና ግቢ የመጣው። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 1936 ጀምሮ ከተማዋን የጦር ማዕከል አደረጓት። አውቶ ፓርኮ የምንለው ሰፈር ስሙ እስካሁን አለ። ግንቦቹም ከጦርነቱ አላመለጡም። የኢያሱ ግንብ ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1704ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎድቶ ነበር፣ በእንግሊዝ የአየር ድብደባ ደግሞ ተጨማሪ ጉዳት ደረሰበት። የጣሊያኑ አዛዥ ጄኔራል ናዚ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1941) እጁን ሲሰጥ የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻ ይዞታ ጎንደር ነበረች። ስለዚህ ዘመን ብዙ ስለተጻፈ እዚህ ላይ ልለፈው።

የምፈልገው ነገር ቀላል ነው። ግቢው እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ እድሳትም ይደረግለታል፣ ደስ ይለኛል። ከዚያ ላይ ቋረኞች በር አጠገብ አንድ ሰሌዳ ይቁም። ማን እንደሰፈረ፣ በምን እንደኖረ፣ ማን እንደቀለበው በአማርኛ ይጻፍ። ከቅጥሩ ውጭ ባዶ ቦታ ካለም አንድ ጎጆ ይቀለስ፣ መደቡ፣ ምድጃው፣ ቁርበቱ፣ የወፍጮው ድንጋይ ያለበት። የሚያውቁ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ገና አሉ፣ ክዳኑን የሚያዋቅሩ እጆችም በየገጠሩ አሉ። ወጪው ከአንድ ግንብ ጥገና ጋር አይነጻጸርም። አስጎብኚ ወንድሞቼና እህቶቼም ሰሌዳውን መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። ሥራችሁን ስለማውቅ ነው የምላችሁ፣ ጊዜ እንደሌላችሁ አውቃለሁ። ሆኖም ባልደራስ በር ስትደርሱ ሁለት ደቂቃ ቁሙና ስለ ፈረሰኛው ንገሯቸው።

እናንተም ለጥምቀት ወይም ለገና ስትመጡ ከመግባታችሁ በፊት ከፊት በር ጀምራችሁ ቅጥሩን በውጭ በኩል ዙሩት። 900 ሜትር ነው፣ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ሃያ ደቂቃ አይሞላም። በየበሩ ቁሙ፣ ስሙን ጠይቁ፣ ከቅጥሩ ማዶ ያለውን ሰፈር ደግሞ ዞር ብላችሁ እዩት። ወታደሩ የነበረው በዚያ በኩል ነው።